ቀላል የጉዞ ኩዊልት በራስ እጅ መስፋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጀርባ ሻንጣ እየተጓዙ ውጭ ለሚያድሩና ብርድ ልብሳቸውን ራሳቸው መስፋት ለሚፈልጉ፣ ከመነሻው እስከ አስቸጋሪው።

ኩዊልት ምንድን ነው? ከስሊፒንግ ባግ (ከመኝታ ከረጢት) በምን ይለያል?

ኩዊልት ከሥር ጀርባ የሌለው፣ እግር ጋ ብቻ እንደ ከረጢት የሚዘጋ ሙቀት ያዥ ብርድ ልብስ ነው። ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ስትተኙ ከሥራችሁ ያለው ሙሌት በክብደታችሁ ይጨፈለቃል። ሙቀት የሚይዘው ደግሞ ፋይበሩ ወይም ላባው ሳይሆን በመሃሉ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ከወጣ ያ ሙሌት ተሸክማችሁት የምትዞሩት ክብደት ብቻ ነው። ኩዊልት ይህን ክፍል፣ ኮፍያውንና ረጅሙን ዚፕ አስቀርቶ ከመሬት የሚመጣውን ቅዝቃዜ ለፍራሹ ይተወዋል። ስለዚህ ፍራሹ የመኝታው ግማሽ ነው፤ በስስ ፍራሽ ላይ የትኛውም ኩዊልት አያሞቅም።

ስፌት ጀማሪ ነኝ፤ ይሳካልኛል?

የሲንተቲክ (ሰው ሠራሽ ፋይበር) ሙሌት ከመረጣችሁ ይሳካል። ሥራው ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ነው፤ የትራስ ልብስ ሳያጣምም የሰፋ ሰው ይወጣዋል። የሚያስቸግረው የጨርቁ መንሸራተትና የዕቃው ትልቅነት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ከዚያው ጨርቅና ሙሌት ቁራጭ ላይ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ትራስ ሰፍታችሁ ገልብጡ። የክሩ ውጥረትና የስፌቱ ርዝመት በዚያ ላይ ይስተካከላል፤ ስህተቱም በቁራጩ ላይ ይቀራል።

ሲንተቲክ ይሻላል ወይስ ላባ?

ለመጀመሪያ ሥራ ሲንተቲክ፣ ያለ ምንም ማመንታት። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ክላይማሺልድ አፔክስ የሚባለው ነው። ፋይበሩ ሳይቆራረጥ የተያያዘ ስለሆነ ዙሪያውን ብቻ ሰፍታችሁ መሃሉን ብትተዉት አይበታተንም፣ አይንሸራተትም። አጫጭር ፋይበር ያላቸው ሌሎች ሙሌቶች ግን መሃል ለመሃል ካልተሰፉ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባሉ። ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ስፌት ባለፈበት ሁሉ ደግሞ ሙሌቱ ተጨፍልቆ ብርድ የሚያስገባ መስመር ይፈጠራል።

ላባ ስንል የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ የውስጥ ላባ ማለታችን ነው። ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ በደንብ ከተያዘም ለብዙ ዓመት አይሞትም። ሲንተቲክ ግን በተጫነና በታሸገ ቁጥር ውፍረቱን እየቀነሰ ይሄዳል። የክብደቱ ልዩነት ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። ለ0 ዲግሪ አካባቢ በሚሆን ኩዊልት የላባው ክፍልፋይ ግድግዳዎች (ላባው እንዳይንሸራተት ውስጡን የሚከፋፍሉት ስስ መረቦች) ሲደመሩ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም በታች ነው። ቅዝቃዜው ሲጨምር ልዩነቱ ይሰፋል፤ ያኔ ላባ ድካሙን ይክሳል። እርጥበት የሚበዛበት ጉዞ ከሆነ ደግሞ ሲንተቲክ ቢረጥብም ከላባ የተሻለ ውፍረቱን ይጠብቃል።

ለስንት ዲግሪ ስንት ግራም ሙሌት ልግዛ?

አፔክስ የሚሸጠው በካሬ ሜትር ክብደቱ ነው። ለመነሻ የሚያገለግለው ግምት ይህ ነው፦ 83 ግራሙ እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 120 ግራሙ እስከ 5፣ 167 ግራሙ እስከ 0፣ 200 ግራሙ ደግሞ እስከ 4 ዲግሪ ከዜሮ በታች። ግምቱ የሚሠራው ስፋቱ በቂ ከሆነ፣ ፍራሹ ከበረታና የሌሊት ልብስና ኮፍያ ከለበሳችሁ ነው። ቶሎ የሚበርዳችሁ ከሆነ በሁሉም ላይ 5 ዲግሪ ጨምራችሁ አስቡ።

አንዱን ብቻ ምረጥ ለሚባል ሰው 167 ግራሙ ነው የሚሻለው። ሞቃት ሌሊት ላይ ኩዊልት እንደ ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጎ መተኛት ይቻላል፤ ለቀዝቃዛ ሌሊት የሳሳ ኩዊልት ግን መላ የለውም።

ምን ዓይነት ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው? የዝናብ ልብስ ጨርቅ አይሆንም?

የዝናብ ጨርቅ በፍጹም አይሆንም። ሲሊኮን ወይም ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ የሰውነት እንፋሎትን አያሳልፍም። እንፋሎቱ ሙሌቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ውሃ ይሆናል፣ ጠዋት ኩዊልቱ ከብዶና ረጥቦ ይገኛል። ለመለየት ጨርቁን ከንፈራችሁ ላይ አጥብቃችሁ ንፉ፦ ትንሽ እየታገለ አየር የሚያሳልፍ ከሆነ ይሆናል፤ ምንም የማያሳልፍ ከሆነ የተቀባ ነው።

የሚፈለገው በካሬ ሜትር ከ25 እስከ 40 ግራም የሚመዝን፣ 10 ወይም 20 ዴኒየር ሪፕስቶፕ ናይለን ነው። ዴኒየር የክር ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ሪፕስቶፕ በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወፈር ያለ ክር የተሸመነበት ጨርቅ ነው፤ ቢቀደድ ቀዳዳው ወፍራሙ ክር ላይ ሲደርስ ይያዛል። እንፋሎት ሳይዘጋ ውሃ የሚያንሸራትት ስስ ቅብ ያለው ቢሆን ጤዛ ቶሎ አይገባውም። ለጀማሪ 20 ዴኒየሩ ይመረጣል፤ 10 ዴኒየሩ መቀስ ሥር ሳይቀር ይሸሻል። ለላባ ኩዊልት ከሆነ ላባ የማያሾልክ መሆኑን አረጋግጡ። እንዲህ ዓይነቱ ጨርቅ ሽመናው እንዲጠብቅ በትኩስ ሮለር የተዳጠ ነው፤ አንዱ ፊቱ የሚያብለጨልጨውም ለዚህ ነው። የሚያብለጨልጨው ወደ ላባው ይዙር።

ልኬን እንዴት ላውቅ?

ርዝመቱ ከቁመታችሁ 25 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ስፋቱን ግን በግምት አትቁረጡ። ፍራሻችሁ ላይ በጎናችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ሰው ከፍራሹ አንድ ጠርዝ በትከሻችሁ ላይ አልፎ እስከ ሌላው ጠርዝ በሜትር ይለካችሁ። በዚያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ያው ልኬት ዳሌና ጉልበት ላይም ይወሰድ፤ ጉልበቱን አጥፎ የሚተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው እዚያ ነው።

ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መካከለኛ ሰው ርዝመቱ 200፣ ትከሻ ጋ ስፋቱ 140፣ እግር ጋ 100 ሴንቲ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብትጨምሩ ከ50 ግራም ብዙም የማይበልጥ ክብደት ነው የሚመጣው፤ በዚያ ምትክ ስትገላበጡ ንፋስ አይገባባችሁም። ከስፋት ቀንሶ ክብደት መቆጠብ በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው።

ስንት ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል? መጨረሻ ላይስ ስንት ይመዝናል?

ከላይ ላለው ልክ፣ ጨርቁ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ለላይና ለገበር በጠቅላላ 4.5 ሜትር፣ ሙሌቱ ደግሞ 2.2 ሜትር ይበቃል። ከዚህ ሌላ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ገመድ 4 ሜትር ያህል፣ የገመድ ማጥበቂያ 2፣ ለማሰሪያ ቀለበት 1 ሜትር ጥብጣብና አንገት ላይ የሚገጥም አንድ ተጫኝ ቁልፍ ያዙ።

ክብደቱን ከመግዛታችሁ በፊት አስሉት። የስፌት ትርፉ ሲጨመር አንዱ ገጽ 2.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 167 ግራም ሙሌት 417 ግራም ይሆናል፤ ባለ 35 ግራሙ ጨርቅ በሁለት ገጽ 175 ግራም፤ ገመድና ማጥበቂያው 30 ግራም ገደማ። ድምሩ 620 ግራም ነው። በ120 ግራሙ ሙሌት ደግሞ ወደ 500 ግራም ይወርዳል።

የትኛው መርፌና ክር? የቤት ስፌት መኪና ይችለዋል?

ማንኛውም ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ የቤት መኪና ይችለዋል። ክሩ መቶ በመቶ ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ ክር ውሃ ይጠጣል፣ በጊዜ ብዛትም ይበሰብሳል። መርፌው አዲስና ሹል፣ ቁጥሩ 70 ይሁን። የዶለዶመ መርፌ ስስ ናይለን ላይ ክር እየሳበ መስመር ያወጣል። የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚያ ካሳጠራችሁት ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ጨርቁ እንደ ቴምብር ጠርዝ በስፌቱ መስመር ይቀደዳል።

ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

የላይ ጨርቁንና ገበሩን በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ሰጥታችሁ ቁረጡ። ጠርዙን በላይተር እሳት ዳር ፈጠን አድርጋችሁ ብታሳልፉት አይተረተርም፤ ይህን ግን ሙሌቱ ክፍሉ ውስጥ ሳይገባ በፊት ጨርሱት፣ እሳት ሲነካው ወዲያው ይቀልጣል። ሙሌቱን ሳትጎትቱ ዘርግታችሁ ከጨርቁ 2 ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ቁረጡት። ለራስጌና ለግርጌ ገመድ መሄጃ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች አውጡ፤ ከጨርቁ ጠርዝ በየጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር አጠር ይበሉ። ጫፋቸውን ዘምዝማችሁ በቁመታቸው ለሁለት እጠፏቸው።

አሁን ገበሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መሬት ላይ ዘርጉ። የታጠፉትን ቁራጮች ራስጌና ግርጌ ላይ አስቀምጡ፦ የታጠፈው ጎን ወደ መሃል፣ ጥሬው ጠርዝ ከጨርቁ ጠርዝ ጋር እኩል። የጥብጣብ ቀለበቶቹንም እንደዚሁ ወደ ውስጥ አዙራችሁ ከራስጌ 45 እና 80 ሴንቲ ሜትር ላይ በሁለቱም ጎን አኑሯቸው። በላዩ የላይ ጨርቁን ፊቱን ወደ ታች፣ ከሁሉም በላይ ሙሌቱን አልብሱ። የማዕዘኖቹንና የየጎኑን መሃል በልብስ መቆንጠጫ ያዙ፣ ከዚያ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ጨምሩ። ስፒል ከተጠቀማችሁ በስፌት ትርፉ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ስስ ናይለን ላይ የስፒል ቀዳዳ ተመልሶ አይገጥምም።

ሙሌቱ ላይ ቀጭን ወረቀት እያደረጋችሁ ከነወረቀቱ ስፉ። አለዚያ ፋይበሩ ከመኪናው እግር ጋር ይጠላለፋል። ወረቀቱ በመጨረሻ በመርፌው መስመር በቀላሉ ይቀደዳል። ዙሪያውን ስትሰፉ በአንዱ ረጅም ጎን፣ ግርጌ አጠገብ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ፤ ያ ቦታ በኋላ የእግር ከረጢቱ ሲሰፋ ይሸፈናል። ክፍቱ ላይ ሙሌቱን ከላይ ጨርቁ ጋር ብቻ በእጅ አያይዙት። ማዕዘኖቹን በሰያፍ ቁረጡ፣ ከስፌቱ ውጭ የተረፈውን ሙሌት ከርክሙ፣ እጃችሁን በክፍቱ አስገብታችሁ የራስጌውን ማዕዘኖች እየሳባችሁ ገልብጡት። ክፍቱን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ዝጉ፣ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገብታችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ስፉ። ይህ የመጨረሻው ስፌት ሙሌቱን ይይዘዋል፤ አትዝለሉት።

የእግር ከረጢቱን እንዴት ልዝጋ?

ኩዊልቱን ገበሩ ወደ ውጭ እንዲሆን በቁመቱ ለሁለት እጠፉትና ከግርጌ ጀምራችሁ 50 ሴንቲ ሜትር ሁለቱን ጎኖች 1 ሴንቲ ሜትር ገብታችሁ አጋጥማችሁ ስፉ። ስትተኙ ስፌቱ ከሥር ይውላል። የግርጌውን ገመድ ስትስቡት ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል፤ የተጠቀለለ ካልሲ ይደፍነዋል። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፤ ለሞቃት ሌሊትም ግርጌውን መክፈት ያስችላል።

ከዜሮ በታች የምታድሩ ከሆነ ግን ክብ ግርጌ ስፉለት። ከስፌቱ በኋላ ዙሪያው 98 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን የክቡ ስፋት 31 ይሆናል፤ ከነትርፉ 34 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በሁለት ጨርቅ መሃል ሙሌት ይዛችሁ ቁረጡት። የግርጌው ገመድ መሄጃ ያኔ አያስፈልግም።

ስሰፋ አንዱ ጨርቅ ከሌላው 3 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ ቀረ፤ ለምን?

የመኪናው ጥርስ የሚስበው የታችኛውን ጨርቅ ነው፤ የላይኛው በእግሩ ተጭኖ ወደኋላ ይቀራል። 2 ሜትር ላይ ሲጠራቀም በደንብ ይታያል። መድኃኒቱ እግሩ የሚጫንበትን ኃይል መቀነስ፣ መቆንጠጫ ማብዛትና ሁለቱንም ረጃጅም ጎኖች ከራስጌ ወደ ግርጌ መስፋት ነው። አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ከጀመራችሁ ኩዊልቱ በሰያፍ ይጣመማል። የተረፈውን 3 ሴንቲ ሜትር ጫፉ ላይ ቆርጣችሁ አትጣሉ። ተርትራችሁ እንደገና አከፋፍሉት።

ስፌቱ ከተሸበሸበ የላይኛውን ክር ውጥረት አላሉ፣ በሁለት እጅ ከመርፌው ፊትና ኋላ ጨርቁን ወጠር አድርጋችሁ ይዛችሁ ስፉ። መያዝ እንጂ መጎተት አይደለም፤ ከጎተታችሁ መርፌው ይሰበራል።

ያለ መኪና በእጅ መስፋት ይቻላል?

ይቻላል። ዙሪያው 6.4 ሜትር ነው፤ በ3 ሚሊ ሜትር ስፌት ከ2000 በላይ ጥልፊያ ይወስዳል። ወደኋላ እየተመለሳችሁ ስፉ፤ ተራው የፊት ለፊት ስፌት አንድ ቦታ ከተበጠሰ ተከታትሎ ይላላል።

ሁሉንም በትክክል ሰፍቼ ለምን ይበርደኛል?

መጀመሪያ ፍራሹን እዩ። የፍራሽ መከላከያ አቅም በአር ቫልዩ ይለካል፤ ብዙ አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባለው የጋራ መለኪያ ስለሚፈትኑት የተለያዩ ፍራሾችን ማወዳደር ይቻላል። ለ0 ዲግሪ አካባቢ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ያስፈልጋል። ስስ ፎም ብቻውን 2 ገደማ ነው። ጀርባ ከቀዘቀዘ ጥፋቱ የፍራሹ ነው፤ ኩዊልት ብታወፍሩ ለውጥ የለውም።

ጎንና ትከሻ ከቀዘቀዘ ንፋስ እየገባ ነው። በፍራሹ ዙሪያ ሁለት ላስቲክ ገመድ አዙሩና የኩዊልቱን ቀለበቶች ከእነሱ ጋር አያይዙ፣ ጠርዙንም ከሥራችሁ ጠቅለል አድርጉት። ከመጠን በላይ ግን አትወጥሩት። በጣም የተወጠረ ኩዊልት ትከሻና ጉልበት ላይ ሙሌቱ ይጨፈለቃል፤ በጣት ብትነኩት ጨርቅ ብቻ የሚመስል ቦታ ታገኛላችሁ። ኩዊልት ኮፍያ ስለሌለው ደግሞ ራሳችሁን በወፍራም ኮፍያ ሸፍኑ።

እንዴት ይታጠባል? የትስ ይቀመጣል?

ለብ ባለ ውሃ፣ በለዘብተኛ ሳሙና፣ ያለ ጨርቅ ማለስለሻ። የረጠበ ኩዊልት በአንድ ጫፍ ይዛችሁ አታንሱ፤ የውሃው ክብደት ስፌትና ግድግዳ ይበጥሳል። ሲንተቲኩን አየር ላይ አስጡት። ላባው እየተፈረፈረ በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ይድረቅ፤ ጓል የሚመስል ነገር ከእጅ ሥር እስካለ ድረስ አልደረቀም። ቤት ስትገቡ ከትንሹ ከረጢት አውጥታችሁ በትልቅ የጨርቅ ከረጢት ተበትኖ ይቀመጥ።

በላባ ልሰፋ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት ግራም እንደሚገባ እንዴት ላስላ?

ላባ በተከፋፈለ ክፍል ካልታሰረ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ክፍሎቹን የሚለያዩት በላይ ጨርቁና በገበሩ መሃል የሚቆሙ የስስ መረብ ግድግዳዎች ናቸው፤ ለትንኝ አጎበር የሚሆነው ዓይነት ስስ መረብ ይሠራል። ለ0 ዲግሪ የግድግዳው ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር፣ በክፍሎቹ መካከል ያለው ርቀት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የመረቡን ቁራጭ ስትቆርጡ በሁለቱም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስጡት፣ ማለትም 7 ሴንቲ ሜትር።

ቀመሩ ይዘት ነው። ፊል ፓወር ላባው ምን ያህል እንደሚነፋ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ የ800 ፊል ፓወር ላባ 1 ግራሙ 460 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ይሞላል። ርዝመቱ 130፣ ስፋቱ 13፣ ቁመቱ 5 የሆነ ክፍል 8450 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ለ460 ስታካፍሉት 18 ግራም ይወጣል። በዚህ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ጨምሩ፣ ማለትም ከ22 እስከ 24 ግራም። ጭማሪው ላባው ቢረጥብ ወይም በሰውነት ወዝ ቢከብድ ክፍሉ ባዶ ጥግ እንዳይኖረው ነው። ኩዊልቱ ወደ እግር ስለሚጠብ የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመት ለየብቻ ለክታችሁ አስሉ።

መሙላቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንሽ፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ ማራገቢያ የሌለው ክፍል ምረጡ፤ መታጠቢያ ቤት በትንሹ እርጥበት ስላለው ላባው አይበርርም። 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ያዙ፣ እያንዳንዱን ድርሻ መዝናችሁ አስገቡና የክፍሉን አፍ ወዲያው በመቆንጠጫ ዝጉ። ሁሉም ሲሞላ ኩዊልቱን ወደ መስኮት ብርሃን አንሡ፤ የሳሳው ክፍል ብርሃን ያሳልፋል፣ ሳትሰፉት ጨምሩለት።

ለክረምት አንድ ወፍራም ልስፋ ወይስ ሁለት ልደርብ?

ሁለት መደረብ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የ120 እና የ83 ግራም ሙሌት ያላቸው ሁለት ኩዊልቶች ሲደረቡ ከአንድ የ200 ግራም ኩዊልት ጋር ይመጣጠናሉ፤ በሌላ ወቅት ደግሞ ለየብቻ ያገለግላሉ። ክብደቱ በተጨማሪው ጨርቅ ልክ ይበልጣል፣ ወደ 175 ግራም።

ላባ ካላችሁ ላባው ከሥር፣ ሲንተቲኩ ከላይ ይሁን። ከሰውነት የሚወጣ እንፋሎት ወደ ውጭ ሲሄድ ቀዝቃዛው ንብርብር ላይ ሲደርስ ወደ ውሃ ይለወጣል። ሲንተቲኩ ከላይ ከሆነ ውሃው የሚጠራቀመው እሱ ላይ ነው፣ ላባው ደርቆ ያድራል። የላይኛው ግን ከሥረኛው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፤ እኩል ከሆነ የታችኛውን ጨፍልቆ ውፍረቱን ይወስድበታል።